ሳሳ የምትባለው ኮርድ

ገዳሪፍ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ስንሻው፣ አዘዞ

መስቀል አልፎ አደይዋ ሳትረግፍ ይህች ወረቀት እጅዎ ትግባ። እርስዎንም፣ እናትዎን እማማ ጣይቱንም፣ ደጁንም ጎረቤቱንም አምላክ በጥላው ያቆይልኝ። እኔ አለሁ። ሙቀቱ ወዜን እንጂ ሌላ ነገር አልወሰደብኝም።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነቡት ቆመው ከሆነ ይቀመጡ። ኪቦርድ ተጫዋች ሆኛለሁ! ያውም በሱዳኖች ሰርግ! አምና መፋዛ እርሻ ላይ ሰሊጥ ስታርም የነበረችው ዕፀገነት ዘንድሮ መድረክ ላይ ወጥታለች ብለው ለእናቴ ይንገሩልኝ። «የአጎቴ ልጅ ስንሻው ያስተማረው ሙያ ሜዳ ላይ አይቀርም» ትል አልነበር? ይኸው አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእርሻው ወጥቼ ከተማ የሰው ቤት ማጽዳት ጀምሬ ነበር። የማጸዳውን ግቢ የተከራዩት በጦርነቱ ከካርቱም ተፈናቅለው የመጡ ሙዚቀኞች ናቸው። አለቃቸው ኑሪያ የምትባል ዘፋኝ ናት፤ ድምፅዋ ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ ቁጣዋም እንደዚያው። አንድ ቀን ወለል ስጠርግ ኪቦርዱ ክፍት ሆኖ አገኘሁት። እጄ አላስቀምጥ አለኝና እርስዎ ያስተማሩኝን ትዝታ ነካ ነካ ሳደርግ፣ ለካ ኑሪያ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል! «ተባረርኩ» ብዬ መጥረጊያዬን ሳነሣ «ቀጥይ» አለችኝ። ኪቦርድ የሚጫወትላት ሰው ፖርት ሱዳን ሄዶባት ኖሮ እኔን ቦታው አስቀመጠችኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ሕልም ይመስለኛል።

መከራዬ የኮርዶቹ፣ የእነዚያ አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች፣ ስም ነው። ጣቴ ያውቃል፣ አፌ አያውቅም። እርስዎ ሲያስተምሩኝ «እዚች ጋ፣ አሁን እቺን ጨምሪባት» ነበር የሚሉት፤ ስሟን መቼ ነገሩኝ? የሄደው ሰውዬ ትቶት የሄደ ወረቀት አለ። አንዱ ላይ ሲ እና ሰባት ተጽፏል፣ አንዱ ላይ ሲ፣ ትልቅ ኤም፣ ሰባት፣ ሌላው ላይ ሲ፣ ትንሽ ኤም፣ ሰባት። ሰውዬው መጻፊያው ደክሞበት ነው ብዬ ሦስቱንም አንድ አድርጌ ብጫወታቸው ኑሪያ ጆሮዋን ይዛ «ዳ ሽኑ?!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ምንድን ነው?» ማለቷ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ትለዋለች። የሰሊጡ አጨዳ አልቆ የሰርግ ወራት እስኪገባ ካልለመድኩ ትሸኘኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሼ አረም ነው።

እባክዎ ስማቸውን ጽፈው ይላኩልኝ። ስልኩ ቢሠራልን በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ይህን የያዘው ደመቀ ነው፤ ገላባትና መተማ እየተመላለሰ ጭነት የሚያወርድ የእኛው አገር ልጅ ስለሆነ መልሱን ለእሱ ይስጡት።

ታናሽዎ ዕፀገነት


አዘዞ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዕፀገነት

እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ? የወጡትን ሁሉ በሰላም የሚመልስ ጌታ አንችንም ይመልስሽ። እኛ ከመንገዱ መዘጋትና ከሰርጉ መጥፋት በቀር ደህና ነን።

አንች ልጅ አስደነገጥሽኝ። ኪቦርድ መጫወትሽ አይደለም ያስደነገጠኝ፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ ምን ይገርመኛል። ሦስቱን ሰባቶች አንድ አድርጌ ተጫወትኩ ማለትሽ ነው! እንኳን ጆሮዋን፣ ጉሮሮሽን አልያዘችሽ። ነገር ግን አልፈርድብሽም፤ ስሞቹን ያወጣው ፈረንጅ ምን ጠጥቶ እንደነበር እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስሚ። «ሲ ሰባት» ዝም ብሎ ሲባል ሰባተኛዋ ድምፅ ጎደሎ ናት፤ ከሙሉዋ ግማሽ ድምፅ ወርዳ የተቀመጠችው። ሙሉዋን ሲፈልጓት «ሲ ሜጀር ሰባት» ይሏታል፤ ትልቁ ኤም እሱ ነው። ትንሹ ኤም ማይነር ነው። አሁን ጉዱን እይ፤ «ሜጀር ሰባት» ሲባል ሜጀር የተባለችው ሰባተኛዋ ናት፣ «ማይነር ሰባት» ሲባል ግን ማይነር የተባለችው ሰባተኛዋ አይደለችም፣ ሦስተኛዋ ናት! አጻጻፉ አንድ ዓይነት፣ ጠሪው አንድ፣ አቤት ባዩ ሌላ። እኔ ይህን ስማር ራሴን ከግድግዳ ላጋጨው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደግሞ «ሲ ስድስት» እና «ኤ ማይነር ሰባት» የሚባሉ ታገኛለሽ። አራቱም ድምፆች አንድ ናቸው፤ ብትቆጥሪ ብታገላብጭ ያው ናቸው። ማን ከታች ተቀመጠ ነው ነገሩ። ሲ ከታች ስትሆን ሲ ስድስት፣ ኤ ከታች ስትሆን ኤ ማይነር ሰባት ይባላሉ። በዚህ አትደንግጭ።

የፈረንጁን ትልቅ ትንሽ ተይው፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በእሱ ማንም አይሳሳትም። ሁሉንም በፊደል ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። ቆርጠሽ ቁልፎቹ ላይ ለጥፊያቸው።

አሁን የእማዬን ጉዳይ ልንገርሽ፤ አስምላኝ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ምስጋናው በሊቢያ ሲሻገር ውኃ በላው ተብሎ መርዶው ከተነገረ፣ እኔም በሬ ጥዬ ተዝካሩን ካወጣሁ ዓመታት አለፉ። እሷ ግን ከል አልለብስም እንዳለች አለች። «ያያችሁት ሬሳ የለ፣ የያዛችሁት አፈር የለ፣ ምኑን ነው የማለቅሰው?» ትላለች። የአገር ሰው መጨረሻ ያየው ገዳሪፍ ነውና «የእኛ ልጅ እዚያ ካለች ትጠይቅልኝ፤ ሞቶም ከሆነ ያየው ሰው ይንገረኝና ልረፈው» ብላ ይዛኛለች። ያለ እሷ እንቅልፍ የነሣኝ የለም። አንች ያኔ ሕፃን ስለነበርሽ መልኩንም አታውቂው። ቢሆንም አንድ ሁለት ሰው ጠይቂና «ጠየቅሁ» ብለሽ ጻፊላት፤ ሲነበብላት ይቀላት ይሆናል።

ወንድምሽ ስንሻው


ገዳሪፍ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ስንሻው

ጤና ይስጥልኝ ብዬ መጀመሬ እናቴ አሳድጋኝ እንጂ ሰላምታ የሚገባዎት ሆነው አይደለም። ምነው ጋሼ! ምን አድርጌዎት ነው? በሰው አገር፣ በሰው ሰርግ፣ በሺህ ሰው ፊት አዋረዱኝ!

የሰሊጥ ነጋዴ ልጅ ስታገባ ነው። የሰዓት እላፊ ስላለ እዚህ ሐፍላው፣ የዘፈኑ ድግስ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ ሁሉም ይጣደፋል። እኔ እንደ ንግሥት ተቀምጬ፣ ወረቀትዎን ቁልፎቹ ላይ ለጥፌ፣ ጥሩ እየሄድኩ ነበር። እነሱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያሉ ነው የሚጠሩት። በልምምድ ላይ ሬ የእኛ ዲ፣ ላ የእኛ ኤ መሆኗን አንድ በአንድ ለምጃለሁ። ሙሽራዋ ስትገባ ኑሪያ ዞር ብላ «ሲ ማይነር!» አለችኝ። ደስታዬ! በልምምድ ያልመጣች ናት፤ ግን ይህችንማ ጋሼ ጽፈውልኛል፣ ምን አስጨነቀኝ ብዬ፣ «ሲ» የተለጠፈችበትን በሙሉ ጉልበቴ ተጫንኩ።

ጋሼ፣ የወጣውን ድምፅ ለጠላትዎም አይስጠው። ሁለት ድመት በአንድ ጆንያ አስገብተው እንደመቱ ነው። እልልታው ቆመ። ሙሽራዋ ደንግጣ የሙሽራውን ክንድ ያዘች። አንዲት አሮጊት «ቢስሚላህ!» ብላ ተነሣች። ኑሪያ ማይኩን ከአፏ ሳታነሣ «ዳ ሽኑ?!» ስትል በአራቱም ስፒከር ተሰማ። እኔ ደርቄ ቀረሁ፤ እጄን እንኳ ማንሣት አቃተኝ።

ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ እጄን ይዞ ወደ ግራ፣ ጎረቤቷ ላይ አሳረፈኝና ዘፈኑ ተስተካከለ። ለካ የእነሱ ሲ የዶ ሬ ሚ መጨረሻዋ ናት! የእርስዎ ቢ! የእኛ ሲ ደግሞ የእነሱ ዶ ናት! «በእኛ ፊደል ማንም አይሳሳትም» አሉኝ አይደል? በፈረንጅ ፊደል ጽፈውልኝ ቢሆን ኖሮ ይሄ ይመጣብኝ ነበር? ሁለቱም በአማርኛ «ሲ» ተብለው ይጻፋሉ እኮ!

ኑሪያ እዚያው ልታባርረኝ ነበር። የለመነልኝ ያው የቤዙ ሰውዬ ነው፤ ፋው በምትባል ከተማ ለሚደረገው ሰርግ አንድ ዕድል አሰጠኝ። ኣኽሊሉ ይባላል። ከትግርኛ ተናጋሪዎቹ ሰፈር የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በትግርኛና በዐረብኛ ካልሆነ አያወራም። አማርኛ ትችላለህ ስለው «ቁሩብ ቁሩብ»፣ ትንሽ ትንሽ፣ ይለኛል። ወረቀትዎን ከቁልፎቹ ላይ ስነቅል ተቀብሎኝ በጣም ረጅም ጊዜ አየውና በዐረብኛ «ማን ጻፈው?» አለኝ። ዘመዴ ነው፣ ጋሼ ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ኮርድ ሁሉ እሱ በዚያው በዐረብኛው ያሳየኛል። ትናንት በአሮጌው ወረቀት ላይ «ሳስ አራት» የምትል ጠፍታብኝ ብጠይቀው «እቺ ሳሳ ናት። ሦስተኛዋን አውጫትና አራተኛዋን አስገቢ» አለኝ። ደስ የሚል ስም ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ነው እንዴ የሚሏት? ከበሮ የሚመታው ሕሉፍ የመቀሌ ልጅ ነው፣ እሱ ግን «ሰምቼም አላውቅ» አለኝ።

ስለ ምስጋናው ጠይቄያለሁ፤ የውሸት ሳይሆን ከልቤ። ከጎንደርና ከመተማ የመጡ ሠራተኞችን ሁሉ ጠየቅሁ፤ የሚያውቀው የለም። ኣኽሊሉንም «ምስጋናው የሚባል የአዘዞ ሰው ታውቃለህ ወይ?» ብለው በዐረብኛ «ባሕር የበላው ሰው አይጠየቅም» ብሎኝ የቤዙን ክር ይወጥር ጀመር። እማማን ጠይቃለች ይበሉልኝ።

በጾም ዘፈን ብለው እንዳይቆጡኝ። ሆዴ ይጾማል፣ እጄ ነው የሚሠራው።

ያዋረዷት ዕፀገነት


አዘዞ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዕፀገነት

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ስለ ሲ ይቅር በይኝ፤ አልታየኝም ነበር። አሁን እሱን ተይው።

ሳሳ ያለሽ ሰው ማን ነው?

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። መጀመሪያ እየሳቅሁ ነበር፤ እዚያ ቦታ ስደርስ ሳቄ ቆመ። እማዬ «ምን ሆንክ? ገረጣህ» አለችኝ። «የሙዚቃ ነገር ነው» ብዬ ዋሸኋት።

ስሚኝ ልጄ። «ሳሳ» የሚባል ኮርድ በዓለም ላይ የለም። ትግርኛም ዐረብኛም አይደለም። እኔና ምስጋናው በልጅነታችን ኮርድ የተማርንባት አንዲት ፎቶ ኮፒ ነበረችን፤ እንግሊዝኛችን ደግሞ ከዜሮ በታች። የሳስን ምልክት ስናይ «ሳሳ» ብለን አነበብነው። ሦስተኛዋ ስለወጣች፣ ሆዱ ስለጎደለ ሳሳ፣ ከሳ ማለት ነው ብለን ተስማማን። ትክክለኛውን ካወቅን በኋላ እንኳ በሁለታችን መካከል ሳሳ እንዳልናት ቀረች። ለአንችም «ሳስ» ብዬሽ እንደሆነ እንጂ ሳሳ ብዬሽ አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ሰው ይስቅብናል ብዬ።

ደግሞስ «ባሕር የበላው» ማን ነገረው? አንች ነግረሽው ነበር? በደብዳቤሽ ላይ «የአዘዞ ሰው ታውቃለህ ወይ?» ነው ያልኩት የምትይ። እኔ መሳሳት አልፈልግም። ተሳስቼ እማዬን ሁለተኛ ብገድላት ምን እሆናለሁ?

ስለዚህ ምንም ሳትነግሪው አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዲሚኒሽድ የምትባለዋን ኮርድ ስሟን ባታውቂው ጣትሽ ያውቃታል፤ ማረፊያ ያጣችው፣ ስትሰሚያት የምትቆረቁረው። በልምምድ ላይ ድንገት ተጫወቻትና «ይቺ ማን ትባላለች?» በይው። ሌላ ምንም አትበይ። እኛ ቤት «እከክ» ነበር የምንላት፤ ካልቧጠጧት ስለማታርፍ። ዲሚኒሽድ ወይም ዲም ካለሽ የሌላ ሰው ወንድም ነውና ተይው፣ እኔም ለማንም ሳልናገር አልቅሼ ዝም እላለሁ።

እከክ ካለሽ ግን ወዲያውኑ ጻፊልኝ። ደመቀ በገላባት በኩል ካልቻለ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ስንሻው


ገዳሪፍ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ስንሻው ሆይ

ይህን ያህል በመዘግየቴ ምን ሲያስቡ እንደከረሙ አውቃለሁ። ደብዳቤዎ እጄ የገባው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ ደመቀ መተማ ላይ ተቀምጦ ከርሟል። እግዚአብሔር ልብዎን ያጽናው፤ አሁንም ይቀመጡ።

እከክ ብሏል።

ኸሽም ኤል ቂርባ የምትባል ከተማ ለሰርግ ሄደን በረንዳ ላይ እየተለማመድን ነበር። እንዳሉኝ ድንገት ተጫወትኳትና «ኣኽሊሉ፣ ይቺ ማን ትባላለች?» አልኩት። ቀና ሳይል፣ እየሳቀ፣ ጥርት ባለ የጎንደር አማርኛ «እከክ ናታ! እከኪያትና አሳርፊያት» አለኝ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ጋሼ፣ የሰው ፊት እንዲያ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም። «ምስጋናው» አልኩት። ቤዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወጥቶ ሄደ።

ለሁለት ልምምድ አልመጣም። ኑሪያ ዓለምን ገለባበጠች። እኔ ጠፋ፣ ዳግመኛ ገደልኩት ብዬ ሆስፒታሉንም ጣቢያውንም ዞርኩ። በሦስተኛው መጣና ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር አስቀመጠኝ። «ጽሑፉን መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት፤ የስንሻው ጅራቷ የረዘመ ኤ ናት። ሳሳ ያልኩሽም አምልጦኝ ይሁን ፈልጌ ይሁን እኔም አላውቅ» አለኝ።

የነገረኝን እንዳለ ልጻፍልዎ። ጀልባው ሲሰጥም እሱ ጀልባው ላይ አልነበረም፤ ከባሕሩ ዳር ይዘውት ታስሮ ነበር። መርዶውን ያመጣው ልጅ ያየው መስሎት ነው። ዓመታት ታስሮ ሲወጣ አብሮት የታሰረ ኣኽሊሉ የሚባል ልጅ እዚያው አረፈና የስደተኛ ወረቀቱን ተወለት። በዚያ ስም ካርቱም ገባ። ካርቱም ላይ ደግሞ አንድ የጎንደር ሰው አገኘና፣ እንዳይታወቅ ተጠንቅቆ፣ የአዘዞን ወሬ ጠየቀው። ሰውዬው «ጎረቤት አንድ ምስጋናው የሚባል ነበር፣ ባሕር በላው። ተዝካሩን በልቼ ነው የመጣሁት» አለው። ደግሞ ምን ቢለው ጥሩ ነው ጋሼ? «ሥጋው ግሩም ነበር!»

«የራሴን ተዝካር ሥጋ ሲያሞግስልኝ ቁጭ ብዬ ሰማሁት» አለኝ። «ልስቅ አልኩ፣ አልሆነልኝም። እናቴ ቀብራኛለች፤ በሬ ጥላ፣ ካህን ጠርታ፣ በወግ በማዕረግ። የሞተ ልጅ አያሳፍርም። አሁን ተነሥቼ ባዶ እጄን ብሄድ ምን እላታለሁ? ቤት የለኝ፣ ልብስ የለኝ፣ ስሜ እንኳ የሰው ነው። ለዚህ ነው እንዴ ያለቀስኩት ትለኛለች።»

እማማ ከል አልለበሰችልህም፣ አላለቀሰችም ብዬ ነገርኩት። አላመነኝም። ተቆጣሁ ጋሼ፤ ታላቄ መሆኑን ረስቼ ጮህኩበት። እሱ ግን ክሬን ይዤ፣ በማተቤ፣ ለእማማ ጣይቱ ላልነግር አስማለኝ። ማልኩለት። ለእርስዎ ላልነግር ግን አላስማለኝም፣ እኔም አላስታወስኩትም።

አሁን የቸገረኝ ይህ ነው። ረመዳን ሳይገባ የሙዚቃ ቡድናችን ወደ ፖርት ሱዳን ይሄዳል። ኑሪያ የፋው ሰርግ ካለፈ ወዲህ «ተማም»፣ ጥሩ ነው፣ ብላኛለች፤ የእኔ እንጀራ ደህና ነው። ኣኽሊሉም አብሮ ሊሄድ ነው፣ ከዚያ በባሕር ወደየት እንደሚያልፍ አይናገርም። ከሄደ ጠፋ፤ ሁለተኛ በሳሳም በእከክም አናገኘውም። ልያዘው ብል በምን ኃይሌ? እርስዎ የሚሉትን ይላኩልኝ፤ ይፍጠኑ።

ዕፀገነት


አዘዞ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዕፀገነት

እንደ ሰው የማይገመት፣ የቀበርነውን የሚመልስ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እጅሽን እስምልሽ ነበር፤ መሐላሽንም አላፈረስሽም። ለእማዬ የነገርኩ እኔ ነኝ፣ እኔን ማንም አላስማለኝም።

መጀመሪያ ግን የራሴን ልንገርሽ። «እከክ ብሏል» የምትለዋን ሳነብ ወረቀቱን ጣልኩት። ወዲያው ንዴት መጣብኝ። እኔ እዚህ በሬ ስጎትት፣ ሰው ፊት አንገቴን ደፍቼ «ነፍስ ይማር» ስባል፣ እሱ ካርቱም ቁጭ ብሎ ስለ ሥጋው ይሰማ ነበር ለካ! ጎህ ሲቀድ የተናደድኩ ሰውዬ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ሕፃን ሳለቅስ ተገኘሁ። በማግስቱ እማዬን ጓሮ አስቀምጬ ደብዳቤሽን አነበብኩላት።

ፍንክች ሳትል ሰማች። ሳሳን ሰማች፣ እከክን ሰማች፣ እስሩን ሰማች። ስጨርስ ብድግ አለች፤ ልትስመኝ መስሎኝ ጎንበስ ስል በጥፊ አለችኝ! በዚህ ዕድሜዬ፣ ጎረቤት እያየ! «ወንድምህን ቀብረህብኝ! አልሞተም እያልኩህ! እኔን እብድ አድርገህ!» ብላ ሌላ ጨመረችልኝ። ከዚያ ተቀመጠችና «ሥጋው ግሩም ነበር ያለው ማነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ዋሽቷል፤ ጨው ጎድሎት ነበር» አለችና እንዲህ ስትስቅ አይቻት የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ እልልታ ሆነ። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ መርዶ መጣ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጥቶ፣ በሩ ላይ እልልታ ሲሰማ የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ። መምሬ ዓባይነህ ፍትሐት የተደረገለት ሰው በቁሙ ሲመለስ ምን እንደሚባል መጽሐፍ ሲያገላብጡ ዋሉ፤ እስካሁን አላገኙም። ተዝካሩን የበሉት ደግሞ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

ወዲያው ጫማዋን አምጡልኝ አለች። መንገዱ አደጋ አለው፣ ጉልበትሽ አይችልም ብንላት የሚሰማን ጠፋ። እኔና እሷ ነገ በማለዳ እንነሣለን። መተማ ድልድዩ ጋ፣ ከወዲህ በኩል፣ እሱ እስኪመጣ ተቀምጣ ልትጠብቅ ነው። እኔ ላስቀራት አልችልም፤ አሁንማ እፈራታለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ባዶ እጄን አልሄድም ማለቱን ሳነብላት ዘልዬው ነበር። ቤት ገብታ ስንቅ ስትቋጥር ግን «አንድ ቦታ ላይ ዘለልክ» አለችኝ። ሳልወድ በግዴ ነገርኳት። የያዘችውን አስቀመጠች። አሁን አለቀሰች ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ «ብዕርህን አንሣ» አለችኝ። ያለችኝን እንዳለ ጽፌዋለሁ፤ ቃል ሳትቀንሽ ሳትጨምሪ፣ ፊቱ ቆመሽ አንብቢለት፦

«ምስጋናው፣ እኔ እናትህ ነኝ። ስወልድህ ምን ይዘህ መጥተህ ነበር?»

ስንሻው